ወላድን ከነቤተሰቧ ማገዝ፦ ከስምንተኛው ወር እስከ አርባ ቀን

በውጭው ዓለም ምጥ ከያዛት ሴት ጎን ሳትለይ የምታበረታታ፣ ነገር ግን የማታዋልድ ረዳት «ዱላ» ትባላለች፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙም አገልጋይ ሴት ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር በመሆኑ፣ ተሰድባና ጭኗን ተመትታ የወለደች እናት ታሪክም ለማናችንም እንግዳ ስላልሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ትቼ «የምጥ አጋዥ» እላለሁ። መመሪያው በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ለምታገለግል አዋላጅ፣ እንዲሁም ሙያው ሳይኖራት እህቷን፣ ጎረቤቷን ወይም የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ባልደረባዋን ለምታግዝ ሴት የተዘጋጀ ነው።

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር እናት ለመውለድ ብቻዋን አትመጣም። ከአንድ ባጃጅ አራት ሴቶች ተደራርበው ይወርዳሉ፤ ባል በሌላ ባጃጅ ይከተላል፤ አማት ፔርሙስ ታቅፋ ትደርሳለች። በብዙ ማዋለጃ ክፍሎች ግን ይህ ሁሉ ሰው በር ላይ ይቀራል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የአንዲት ወላድ እናት አራት ሰዓት ያህል ምንም ሳልነግራት ከበሩ ውጭ ተቀምጣ፣ በመጨረሻ ልጇ የሞተችባት መስሏት ለቅሶ ጀመረች፤ ኮሪደሩ ተናወጠ፤ ውስጥ በደህና እያማጠች የነበረችው ልጅም የእናቷን ዋይታ ሰምታ ሰውነቷ ደረቀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበሩ ውጭ ላለ ሰው ወሬና ሥራ መስጠትን የማዋለድ ሥራዬ አንድ ክፍል አድርጌዋለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነውም በዚሁ ላይ ነው።

ወላድ ያለማቋረጥ ደጋፊ ከጎኗ ሲኖር ምን እንደሚለወጥ በጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በ17 አገሮች የተደረጉ 26 ጥናቶችንና ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ግምገማ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በራሳቸው ኃይል የመውለድ ዕድላቸው ይጨምራል፣ ምጣቸው ያጥራል፣ በቀዶ ጥገና መውለዳቸው ይቀንሳል፣ የወለዱበትንም ቀን በመጥፎ የማስታወሳቸው ነገር ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እናት ራሷ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

በስምንተኛው ወር

የመጀመሪያው እርምጃ ከምጡ በፊት እቤቷ ሄዶ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ቡናው ወይም ሆጃው እስኪቀርብ ድረስ ወረቀት አያውጡ። በቅድሚያ የሚያጣሩት ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። «ሌሊት ምጥ ቢይዝሽ እንሂድ የሚለው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ባልየው ሳይሆን አማት ወይም ታላቅ እህት ይሆናል። እናቶችን የሚገድሉት መዘግየቶች ሦስት ናቸው ሲባል፣ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ እና ተቋም ደርሶ አገልግሎት በማግኘት የሚጠፋውን ጊዜ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያሳጥረው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ወሳኟ ሴት ባለችበት ይነጋገሩ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ አዋላጆች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ ድሬ ላይ ሽማግሌውም አሮጊቷም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚባሉት፤ አማትየዋ «አንቺ» ብትልዎ ንቀት አይደለም፤ እርስዎም «እርስዎ» እያሉ ቢያከብሯት እንደ ራቅ ያለ እንግዳ ልታይዎ ትችላለች።

ቀጥሎ መንገዱ ይታይ። እናትየዋ ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ የምትኖር ከሆነ ብዙዎቹ መተላለፊያዎች መኪና ስለማያስገቡ፣ አምቡላንሱ ከግንቡ በሮች በየትኛው እንደሚጠብቃት አስቀድሞ ይወሰን፤ ከቤቷ እስከ ሸዋ በር ወይም እስከ ኤረር በር በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድም ከባሏ ጋር በቀስታ ሄዳ ትለካው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ደረቁ የደቻቱ አሸዋ በክረምት ሌሊት በድንገት ወንዝ ይሆናል፤ የ1998 ዓ.ም.ን ክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቤቷና የምትወልድበት ተቋም በወንዙ ግራና ቀኝ ከሆኑ፣ ዝናብ ቢጥል በየትኛው ድልድይ እንደሚያልፉ ይታወቅ፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሱ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም ይመዝገቡ። ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ እናት ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ባለው ጤና ጣቢያ ብትሰነብት ይሻላል።

በመንግሥት ተቋማት የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ቢሆንም፣ ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ምግብ የሚሆን ብር በእጅ ይኑር። የደም ዓይነቷ ታውቆ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ጤነኛ ዘመዶች ይሰየሙ። ተቀጣሪ ከሆነች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር እንደሚፈቅድላት፣ ለባሏም 3 ቀን እንዳለው ይንገሯቸው፤ ባሎች ይህችን ሦስት ቀን ብዙ ጊዜ አያውቋትም።

አንድ ጥያቄ ግን ሰው በሌለበት፣ ለእሷ ብቻ ይቅረብ፦ ግርዛቷ ምን ዓይነት ነው? በአካባቢያችን በተለይ ተሰፍቶ የሚዘጋ ግርዛት ያለባት እናት ጠባሳው ካልተከፈተ ልጁ በቀላሉ አያልፍም፤ ይህን ማዋለጃ አልጋ ላይ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቅና ክፍቱ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ፍርሃቷን በግማሽ ያቀላል። ከወሊድ በኋላ «መልሳችሁ ስፉልኝ» ወይም «ስፉልን» የሚል ጥያቄ ከቤተሰብ ሊመጣ እንደሚችል ይጠብቁ። መልሱ ቀድሞ ይሰጥ፦ አይሰፋም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 566 ብልትን መስፋትን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉን የሚጠቅሱት ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ለእናትየዋ «እኔ ብፈልግም አይሆንም» የምትልበት ምክንያት ለመስጠት ነው።

በመጨረሻም ማን አብሯት እንዲገባ እንደምትፈልግ ይጠይቁና፣ የተመረጠችዋን ሴት ስም ከፋይሏ ጋር ያያይዙ።

ምጡ ሲጀምር

እውነተኛ ምጥ እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቢራመዱም ቢተኙም አይተውም። ነገር ግን የማሕፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ድረስ ያለው ጊዜ በተለይ ለመጀመሪያ ልጅ ረጅም ስለሆነ፣ ችግር የሌለባት እናት ይህን ጊዜ ቤቷ ብታሳልፈው ትጠቀማለች። ትብላ፤ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ተምር፣ ሻይ ሁሉም ይሆናል። በምጥ መካከል ትተኛ። የድሬ ሙቀት ሳይታወቅ ውሃ ስለሚያሟጥጥ፣ በየመካከሉ ጥቂት ጥቂት እንድትጎነጭ አንዲት ልጅ ይህን ብቻ ሥራዋ ታድርግ። የሚያስምጥ ነው የተባለ የቅጠል ጭማቂ ግን አይሰጣት፤ መጠኑ ስለማይታወቅ ማሕፀኑን ከሚገባው በላይ ሊያኮማትረው ይችላል።

ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ካንቀጠቀጣት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ካነሰ ግን ምጥ ኖረም አልኖረም ወዲያው ይሂዱ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ልጁ በማሕፀን ውስጥ ተጸዳድቷል ማለት ነው፤ የቆሸሸውን ጨርቅ ይዘው ለአዋላጇ ያሳዩ።

በተቋሙ በር

አዋላጇ ስሟን ለወላዷ ብቻ ሳይሆን ለመጡት ሁሉ ትናገር። ከዚያ ሥራ ይከፋፈል፦ አንዷ አጋዥ ትገባለች፤ አንዱ ሰው ወሬ ተቀባይ ይሆናል፤ አንዱ ምግብና ውሃ ያቀርባል፤ የቀሩት ቤት ሄደው ገንፎውን ያሰናዱ። ወሬ ተቀባዩ ባልየው ቢሆን እመርጣለሁ፤ አለበለዚያ ከሰዓት በኋላ ከሆነ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ተቀምጦ ስልኩ ሳይሰማ ይቀራል፣ ፈርም ሲባል ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ይፈለጋል። በየሰዓቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገረው፤ «ደህና ናት፣ የልጁ ልብ ደህና ነው፣ ገና ነው» ማለት ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

ክፍሉ መከለያ ከሌለው አንድ ነጠላ በገመድ መስቀል ይበቃል። አጋዥ እንዳትገባ ከሚነገሩት ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ ዋነኛው የሌሎች ወላዶች መጋለጥ ስለሆነ፣ ነጠላው ክርክሩን ያስቀራል።

ምጡ ሲበረታ

አጋዥ የምትፈተነው እዚህ ነው። ከሁሉ በፊት አትለይ፤ ለመውጣት ብትገደድ እንኳ «መጣሁ» ብላ ትውጣና በእርግጥም ትመለስ። እጅ የሚሠራውን መድኃኒት አይሠራውም፦ ምጡ ሲመጣ ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ የመዳፍን ሥር አሳርፎ፣ ምጡ እስኪያልፍ ሳያወላውሉ መጫን የጀርባ ሕመምን በእጅጉ ያቀላል። ጫናው ምን ያህል ይሁን የሚለውን እሷ ትወስን፤ ብዙዎቹ ከምናስበው በላይ ጠንከር ያለ ይፈልጋሉ። ግንባሯንና አንገቷን በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያብሱ። ሽንቷን ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ትሽና፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መውረጃ ያጠባል።

አልጋ ላይ በጀርባ መጋደም ለአዋላጇ እንጂ ለወላዷ አይመችም። ትራመድ፤ ግድግዳ ወይም የአጋዧን ትከሻ ተደግፋ ወገቧን ታወዛውዝ፤ ስትደክም በጎኗ ትተኛ፤ የጀርባ ሕመሙ ሲብስ በእጅና በጉልበቷ ትንበርከክ። የሴት አያቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ እንደነበር ለአማትየዋ ቢያስታውሷት ድጋፏን ወዲያው ያገኛሉ፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይባልብዎ ግን እንደ ጥያቄ አድርገው ያንሱት።

አተነፋፈስን በተመለከተ የረቀቀ ትምህርት አያስፈልግም። ትንፋሽ ሲወጣ ረጅም ይሁን፤ አጋዧ ራሷ ዝግ ብላ እየተነፈሰች ዓይን ለዓይን ትያት፣ ወላዷ ሳታስበው ትከተላታለች። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉ ሲጮህ አጋዧ ድምፅዋን ትቀንስ። «ስትፀንሺ መች እንዲህ ጮህሽ» የሚለው ስድብ ከማንም አፍ መውጣት የለበትም፤ በምትኩ «አይዞሽ፣ ይቺ አለፈች» ይባል፤ ያለፈችው ምጥ ተመልሳ አትመጣምና። በከተሞቻችን በአንድ ክፍል አራት ቋንቋ ሊሰማ ስለሚችል፣ አማርኛ ብቻ የምትናገር አዋላጅ ቢያንስ የሚከተሉትን ትልመድ፦ በኦሮምኛ «ጀባዹ» በርቺ፣ «ዺቢ» ግፊ፤ በሶማሊኛ «ኔፍሶ» ተንፍሺ፣ «ሪሕ» ግፊ። የቀረውን አጋዧ ታስተርጉም።

ጸሎትም ቦታ አለው። ክርስቲያኗ «ማርያም ማርያም» ሲባልላት ትጽናናለች፤ ሙስሊሟ ዱዓ ሲደረግላት ትረጋለች፤ አብራ ያለች ሌላ ወላድ እንዳትረበሽ በለሆሳስ ይሁን እንጂ ማንም አይከልክል።

አዋላጇ ደግሞ በዚህ ጊዜ የልጁን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ታዳምጣለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጤናማ ነው። የእጅ ምርመራ በየአራት ሰዓቱ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማዘውተር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የማሕፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚለው የቆየ ሕግ ለሁሉም እንደማይሠራ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ገልጿል፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በኋላ ያለው ምጥ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12፣ ለሚቀጥሉት ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ይህ ቁጥር ለቤተሰቡም ይነገር፤ ልኩን የማያውቅ ቤተሰብ በሦስተኛው ሰዓት «ኦፕራሲዮን ይደረግላት» ይላል ወይም በአሥራ አምስተኛው ሰዓት «ትንሽ እንጠብቅ» ይላል።

ልጁ ሲመጣ

የማሕፀን በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላም የመግፋት ስሜቷ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል፤ ሲመጣም በራሷ ስሜት ትግፋ እንጂ አምስት ሰው በአንድ ላይ «ግፊ!» እያለ አይጩህባት። የልብ ምቱ አሁን በየ5 ደቂቃው ይደመጣል። ሆዷን ከላይ መጫን፣ ዘመድም ይሁን ባለሙያ ያድርገው፣ እናትንም ልጅንም ሊጎዳ ስለሚችል አይፈቀድም። የተሰፋ ጠባሳ ካለ አዋላጇ አደንዝዛ ከፊት በኩል ትከፍተዋለች፤ አጋዧ የወላዷን ፊት እንጂ የአዋላጇን እጅ አትመልከት።

ልጁ እንደተወለደ እናቱ ሆድ ላይ ይቀመጥና ይደረቅ። እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት ያታልላል። ክፍሉ ስለሚሞቅ ልጁ የሚበርደው አይመስልም፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደ ልጅ ግን በቬንትሌተር ሥር በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱን ያጣል። ጭንቅላቱ መታየት ሲጀምር ቬንትሌተሩን ማጥፋት የአጋዧ ኃላፊነት ይሁን። እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቆይ፤ በዚያ ጊዜ ወደ ልጁ የሚተላለፈው ደም ከደም ማነስ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩ እንደተረጋገጠ እናትየዋ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ትወጋለች። ሙቀት ሌላም ጉዳት ያደርሳል፤ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። በቆላ ከተማ ጠዋት ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ትሪ ላይ የዋለ ብልቃጥ አያስተማምንም፤ አዋላጇ በተረኛነቷ መጀመሪያ ፍሪጁንና ቴርሞሜትሩን ትይ፤ መብራት ጠፍቶ ከነበረም ለስንት ሰዓት እንደሆነ ትጠይቅ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ አደጋ ነው፤ በዓይን ሲገመት ግን ብዙ ጊዜ ያነሰ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአራት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ደሙ በመለኪያ ፕላስቲክ ሲሰበሰብና ሕክምናዎቹ ሳይነጣጠሉ በአንድ ጊዜ ሲጀመሩ ከባድ መድማትና መዘዙ በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። አጋዧ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ሲርስ ካየች ሳታፍር ትጣራ።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

ይህች ሰዓት የእናትና የልጅ ናት። ልጁ በባዶ ደረቷ ላይ፣ ከላይ በደረቅ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ጡትም በዚሁ ሰዓት ይያዝ። ቢጫው እንገር ቆሻሻ ሳይሆን የመጀመሪያ መከላከያው ነው፤ ታልቦ አይደፋ። ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር ውሃ ማጠጣት፣ «ሙቀት ነው ይጠማዋል» ብሎ ውሃ መስጠት ሁሉም ይቅር፤ በድሬ ሐሩርም ቢሆን የጡት ወተት ውሃውንም ይሸፍናል። ገላው እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ። አባት በጆሮው አዛን ሊልለት ከፈለገ ልጁን ወደ ኮሪደር ማውጣት አያስፈልግም፤ እናትየዋ ተሸፍና አባትየው ይግባ። እልልታውም ከበሩ ውጭ ይቅለጥ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» የሚለውን ግን ከዘመድ ቀድማ አዋላጇ ብትለው፣ እናትየዋ ዓመታት ቢያልፉ ታስታውሰዋለች።

ነገሩ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር

ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ወይም ቀዶ ጥገና ካስፈለገ፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር በምታውቀው ቋንቋ ይነገራት፤ ቀጥሎ ለወሬ ተቀባዩ፣ ቀጥሎ ለወሳኟ ሴት። አጋዧ አብራት ትጓዝ። ልጁ ሞቶ ከተወለደ ደግሞ እናትየዋ ሳታውቅ ለዘመድ ሹክ አይባል። በሩ ተዘግቶ፣ ተቀምጠው፣ «ልጅሽ አርፏል» በሉ፤ ጠፍቷል፣ አልተሳካም የሚሉ የተሸፋፈኑ ቃላት ጥርጣሬ ያተርፋሉ። ልታየውና ልትታቀፈው ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት፤ መልሷ ምንም ይሁን ይከበር። ቀብሩን ወንዶቹ በፍጥነት ሊፈጽሙ ይነሣሉና፣ ከመሄዳቸው በፊት ይህች ጥያቄ መቅረቧን አጋዧ ታረጋግጥ። በተወለዱ ሕፃናት መካከል ካለ አልጋ እንድትነሣ ያድርጉ። ጡቷ በሦስተኛው ቀን ገደማ ወተት እንደሚሞላ ማንም ስለማይነግራት ብቻዋን ትደነግጣለች፤ እርስዎ ይንገሯት።

አርባው ቀን

ከተቋሙ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳትወጣ ትቆይ። ቤቷ ከገባች በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥና በስድስተኛው ሳምንት ትታይ። የአራስ ቤት ተዘግቶ ከሰልና ሉባንጃ ሲጨስበት የሚዋልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ መዓዛው ይሁን፣ ግን መስኮት ይከፈት፣ ከሰሉም ሌሊት ውጭ ይደር፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ሐረር ማታ ስለሚቀዘቅዝ ልጁ መደራረብ ያስፈልገዋል፤ ድሬ ላይ ግን በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ሰውነቱ ሊግል ስለሚችል፣ እጅን ደረቱ ላይ አሳርፎ መመርመር ይሻላል። እትብቱ ላይ ቅቤም አመድም አይደረግ። ጫት የምትቅም እናት ጡት እስካጠባች ድረስ እንድትተው ይምከሯት፤ ምክሩ ከአዋላጇ ይልቅ ከአማትየዋ ቢመጣ ይሰማል።

ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የሚጨምር ደም፣ የእግር እብጠት ከሕመም ጋር፣ እንዲሁም ልጁ ጡት አልይዝ ማለቱ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳሉ። ዘመድ ተሰብስቦ ገንፎ ሲበላ በመካከሉ ዝም ብላ የምትቀመጥ፣ ልጁን ለማቀፍ የማትቸኩል፣ ሌሊት ልጁ ቢተኛም የማትተኛ እናት ካዩ «ሰው ዓይን ነው» ብለው አይለፉት፤ ሰው ሳይኖር ይጠይቋትና ለሕክምና ያገናኟት።

ለወሬ ተቀባዩ አባት የመጨረሻ ሥራ ይሰጠው፦ ከተቋሙ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዞ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ ልጁን ያስመዝግብ። በስድስተኛው ሳምንት ሲመለሱ የምስክር ወረቀቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ እሷን ደግሞ ስለዚያች ሌሊት ምን እንደምታስታውስ፣ ማን ምን እንዳላት ይጠይቋትና ለቀጣዩዋ እናት እንዲረዳዎ በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት።